ሦስት ክፍል፣ አንድ መምህር፦ «ድብልቅ ክፍል ይቅር» ላሉት ጸሐፊ ምላሽ

«ድብልቅ ክፍል ይቅር» የሚል ጽሑፍ ከመምህር ወደ መምህር እየዞረ ሰሞኑን እኔም ዘንድ ደርሷል። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። አንድ መምህር የሁለትና የሦስት ክፍል ልጆችን በአንድ ጣራ ሥር አስቀምጦ ማስተማሩ ይቁም። የድሃ ልጅ ትምህርት ነው። ሰዓቱ አይበቃም። ትልልቆቹ ልጆች የመምህሩን ሥራ ይሠራሉ። ጥናት አይደግፈውም። ደጋፊዎቹን የያዛቸው የየኔታ ቤት ናፍቆት ነው። ይልቅ ሙሉ ትምህርት ቤት ተሠርቶ ለየክፍሉ መምህር ይቀጠር። አለዚያ መንግሥት መምህር ላለመቅጠር ጥሩ ሰበብ አገኘ ማለት ነው።

ጽሑፉን ወድጄዋለሁ። ቁጭት አለበት፤ ገጠር ያስተማረ ሰው እንደጻፈውም ያስታውቃል። እኔም ሳተላይት ትምህርት ቤት አስተምሬ አውቃለሁ፤ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ብቻ ያለው፣ ከዋናው ትምህርት ቤት ርቆ ቀበሌ ጫፍ ላይ የሚሠራው ዓይነት። ስለዚህ ጸሐፊውን ያናደዳቸውን ነገር አውቀዋለሁ። ግን ያናደዳቸው ሌላ፣ የከሰሱት ሌላ ነው። ያዩት ድብልቅ ክፍል ያልተዘጋጀ ነው። የጊዜ ድልድል አልወጣለትም፣ መጽሐፍ አልተጻፈለትም፣ ሪፖርት ላይም አይጠቀስም። መምህር ሲጎድል ሁለቱን ክፍል ገጥሞ «እንደምንም ያዛቸው» የሚባለው ማለት ነው። እሱ ይቅር ካሉ አብሬ እፈርማለሁ። እርሳቸው ግን ከዚያ ተነስተው አሠራሩን በጅምላ ገደል ሰደዱት።

በመጀመሪያው ነጥባቸው ልጀምር። «ገንዘብ ያለው ሰው ልጁን እንዲህ ያለ ክፍል ያስገባል?» ብለው ይጠይቃሉ። አዎ፣ ያስገባል። ከፍሎ ያስገባል። አዲስ አበባ ውስጥ «ሞንቴሶሪ» የሚል ታፔላ የሰቀሉትን መዋዕለ ሕፃናት ይመልከቱ። ሁሉም ታፔላው እንደሚለው ያስተምራሉ ማለቴ አይደለም። ግን የማሪያ ሞንቴሶሪ አሠራር አንዱ መሠረት ከ3 እስከ 6 ዓመት ያሉ ልጆችን በአንድ ክፍል ማዋል ነው። ታናሹ ከታላቁ ያያል፤ ታላቁ ለታናሹ ያሳያል። የሚገርመው፣ ሴትዮዋ የመጀመሪያውን ቤት እ.ኤ.አ. በ1907 የከፈቱት ሮም ውስጥ፣ ሳን ሎሬንዞ በሚባል የድሆች ሰፈር ነው። ለድሃ ልጅ የተጀመረው ነገር ዛሬ የሀብታም ልጅ ወረፋ የሚይዝበት ሆኗል።

የአውሮፓ ገጠርም ከዚህ የራቀ አይደለም። አየርላንድ ውስጥ ሁለት መምህር ብቻ ያላቸው ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው። አንዱ የታችኞቹን አራት ክፍሎች፣ ሌላው የላይኞቹን አራት ይይዛል። በየስብሰባው ስሟ የሚጠራው ፊንላንድም በትንንሽ መንደሮቿ ክፍሎችን አጣምራ ታስተምራለች። ስኮትላንድ ደግሞ የተጣመረ ክፍል ከ25 ተማሪ እንዳይበልጥ ገደብ አውጥታለች፤ ላልተጣመሩት የላይኛ ክፍሎች ግን እስከ 33 ትፈቅዳለች። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ። እነሱ ዘንድ ድብልቅ ክፍል ከባድ ሥራ መሆኑ ታውቆ የተማሪው ቁጥር ይቀነሳል። እኛ ዘንድ 60 እና 70 ልጅ ይታጨቅበታል። ጸሐፊው «የድሃ ትምህርት» ያሉት ይህንን ከሆነ እውነት አላቸው። 70 ልጅ ግን አንድ ክፍል ብቻም ሆኖ 70 ነው።

ወደ ሰዓቱ እንምጣ። የጽሑፉ ዋና ክርክር ይሄ ነው፤ ብዙ መምህርም የሚያምነው ይህንኑ ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ለሦስት ክፍል ሲካፈል 13 ደቂቃ ይደርሳል። «በ13 ደቂቃ ምን ይማራል? የቀረውን 27 ደቂቃስ ምን ሲሠራ ይቆያል?» ይላሉ።

ማካፈሉ ልክ ነው። ግን ከሥሩ አንድ ግምት አለ፦ ልጅ የሚማረው መምህሩ ሲናገር ብቻ ነው የሚል። እስቲ የተለመደውን 3ኛ ክፍል እንየው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ልጆቹ ይገለብጣሉ። ፊት ወንበር ላይ ያሉ አምስት ስድስት ልጆች እጅ ያወጣሉ፤ ትምህርቱም ከእነሱ ጋር ይሄዳል። ከ70ው ዛሬ ድምፁን አሰምቶ ያነበበው ስንቱ ነው? ደብተሩ የታየለትስ? የኋላ ወንበር ልጅ 40ውን ደቂቃ ተቀመጠ እንጂ 40 ደቂቃ ተማረ አይባልም።

ደግሞስ ያ 3ኛ ክፍል በእርግጥ 3ኛ ክፍል ነው? ልጆች ከ1ኛ እስከ 3ኛ ሳይወድቁ እንዲያልፉ የሚያደርገው አሠራር ለብዙ ዓመት አብሮን ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2010 በተለያዩ ክልሎች በተደረገው የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። እነዚህ ልጆች 3ኛ ገብተዋል። አጠገባቸው አቀላጥፎ የሚያነብ ልጅ ተቀምጧል። በአማራ ክልል ደግሞ በግጭቱ ምክንያት ሚሊዮን ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። እነሱ ሲመለሱ የ12 ዓመቱ ልጅ የት ይቀመጣል? 2ኛ ክፍል፣ ከ8 ዓመቱ ልጅ ጎን። በር ላይ የተጻፈው ቁጥር አንድ ሆነ እንጂ ውስጡ ያው ድብልቅ ነው። ልዩነቱ፣ ለዚህኛው ድብልቅ ማንም ዕቅድ አለማውጣቱ ነው።

በደንብ የተያዘ ድብልቅ ክፍል እንዴት እንደሚሄድ ልንገራችሁ። 1ኛ፣ 2ኛና 3ኛ ክፍል አንድ ላይ አሉ እንበል። ሰዓቱ የአማርኛ ነው። መጀመሪያ ሁሉም አብረው ናቸው። መምህሯ አጭር ተረት ትተርካለች። ተረት ለመስማት ክፍል አይለይም። ይህ አሥር ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ከዚያ ይከፋፈላሉ። 3ኛ ክፍሎች ያንኑ ተረት በራሳቸው ቃል ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። 2ኛ ክፍሎች ሁለት ሁለት ሆነው ካርቶን ላይ የተጻፉ ዓረፍተ ነገሮችን በየተራ ያነባሉ። መምህሯ ከ1ኛ ክፍሎች ጋር ትቀመጣለች። የዕለቱ ፊደል «በ» ነው። ከተረቱ ውስጥ በግና ቡችላ ይወጣሉ፤ ልጆቹ በ እና ቡን ይለያሉ። እነሱ ፊደሉን መጻፍ ሲጀምሩ እሷ ወደ 2ኛዎቹ ትዞራለች። ሲያነቡ ታዳምጣለች፤ የተሳሳተውን ታርማለች። መጨረሻ ላይ ሁለት ሦስት የ3ኛ ክፍል ልጆች የጻፉትን ለሁሉም ያነባሉ። የ1ኛ ክፍሉ ልጅ ከሁለት ዓመት በኋላ እሱም የት እንደሚደርስ በጆሮው ይሰማል። ይህንን ነጠላ ክፍል አይሰጠውም።

አካባቢ ሳይንስ ደግሞ ከዚህም ይቀላል። ርዕሱ ውሃ ከሆነ ለሁሉም ውሃ ነው። ትንሹ ይሥላል። መካከለኛው የሣለውን ስም ይጽፍበታል። ትልቁ እርጥብ ልብስ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ውሃው የት እንደሚሄድ በጽሑፍ ያስረዳል። እንዲያውም የ3ኛንና የ4ኛን ርዕሶች በዓመት ማፈራረቅ ይቻላል። ዘንድሮ ሁለቱም ክፍል የ3ኛውን ይማራሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሁለቱም የ4ኛውን። ማንም የሚያመልጠው ነገር የለም፤ ቅደም ተከተሉ ነው የሚለወጠው።

ሒሳብ ላይ ግን ይህ ማፈራረቅ አይሠራም። መደመር ያልጠናለት ልጅ ማባዛት ውስጥ ቢገባ ይሰጥማል። ሒሳብ ለየክፍሉ ተለይቶ መሰጠት አለበት፤ እዚህ ላይ የጸሐፊው 13 ደቂቃ እውነት ሊሆን ይችላል። መውጫው ሦስቱንም ክፍል በአንድ ሰዓት ሒሳብ አለማስተማር ነው። አንዱ አዲስ የሒሳብ ትምህርት ሲቀበል ሌሎቹ እጅ ጽሕፈት፣ ሥዕል ወይም ንባብ ላይ ይሆናሉ። ከዚያ ይለዋወጣሉ። መምህሩ ግን ድልድሉን ራሱ የማውጣት መብት ያስፈልገዋል።

እኛ አገር ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ሱፐርቫይዘሩ ሲመጣ የሚጠይቀው የየክፍሉን ዕለታዊ ዕቅድ ነው። ሦስት ክፍል የያዘ መምህር ለአንድ ክፍለ ጊዜ ሦስት ዕቅድ ይጻፍ ይባላል። ማታውን በኩራዝ ዕቅድ ሲገለብጥ ያመሸ ሰው ጠዋት ካርቶን ቆርጦ ካርድ አይሠራም። እኔ ባስተማርኩበት ቦታ ሱፐርቫይዘሩ ክፍል ገብቶ ሦስቱ ቡድኖች ሦስት ዓይነት ሥራ ሲሠሩ አይቶ፣ ማስታወሻው ላይ «የክፍል አያያዝ ይጎድለዋል» ብሎ ጽፎልኝ ሄዷል። አልፈርድበትም። እሱንም ድብልቅ ክፍል ምን እንደሚመስል ያሳየው የለም።

«ትልልቆቹ ልጆች የመምህሩን ሥራ ይሠራሉ» ለሚለው ጸሐፊው በምሳሌነት ያነሱት አንድ ለአምስትን ነው። «ሞክረነው የከሸፈ ነገር ነው» ይላሉ። አንድ ለአምስት እንዴት እንደነበረ የማያውቅ መምህር የለም። አንድ ጎበዝ የተባለ ልጅ በሌሎቹ ላይ ይሾማል። ቅጽ ይሞላል። ቡድኑ መሰብሰቡ ይመዘገባል፤ ምን እንደተማረ የሚጠይቅ የለም። ገበሬውም፣ የመንግሥት ሠራተኛውም፣ ተማሪውም በዚያው ቅርጽ ሲደራጅ ልጆቹም ነገሩ ከትምህርት ይልቅ ስብሰባ መሆኑ ገብቷቸዋል። እኩያ በእኩያው ላይ ሲሾም ደግሞ የሚመጣው ኩርፊያ ነው።

በድብልቅ ክፍል ውስጥ ያለው እገዛ ትንሽና የተለካ ነው። «እቺን ካርድ ሲያነብ አዳምጠው፣ ሲሳሳት ንገረው» ያህል ነው። የሚጠቀመውም ትንሹ ልጅ ብቻ አይደለም። ማንበብ የከበደው የ3ኛ ክፍል ልጅ አለ እንበል። እኩዮቹ ፊት የ1ኛ ክፍል ካርድ አንብብ ቢሉት ይሞታል እንጂ አያነብም። ለትንሽ ልጅ ሲያነብለት ግን ሹመት ነው። ሳያፍር የጎደለውን ይሞላል። መምህር ሆኖ ይህንን ያየ ሰው በቀላሉ አይረሳውም።

እዚህ ነጥብ ላይ ጸሐፊው ያልጠቀሱት ሌላ አደጋ ግን አለ፤ ቢጠቅሱት የተሻለ ይጎነትሉን ነበር። ትንንሾቹን የማገዝ ሥራ ሁልጊዜ ሴቶቹ ልጆች ላይ ይወድቃል። ቤት ታናሿን አዝላ የምትውል ልጅ ትምህርት ቤትም ሞግዚት ትሆናለች። ወንዶቹ ደብተራቸውን ይሠራሉ። መምህሩ ልብ ካላለ ይህ ሳይታሰብ ልማድ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ እገዛው በተራ መሆን አለበት። የትልቋ ልጅ የራሷ የትምህርት ሰዓትም መነካት የለበትም።

«ጥናት አይደግፈውም» ያሉበት ቦታ ላይ ጸሐፊው የአንድም ጥናት ስም አልጠሩም። እንግዲህ እኔ ልጥራ፤ የማይመቸኝንም ጨምሬ። ሆላንዳዊው ሲሞን ቬንማን እ.ኤ.አ. በ1995 ከተለያዩ አገሮች የወጡ ጥናቶችን አሰባስበው ገመገሙ። በተጣመረ ክፍል የተማሩ ልጆች በትምህርት ውጤት ከሌሎቹ አልበለጡም፤ አላነሱምም አሉ። በዓመቱ ሜሰንና በርንስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ተቃወሟቸው። ርዕሳነ መምህራን የተሻሉ ተማሪዎችንና የተሻሉ መምህራንን እየመረጡ ወደተጣመረው ክፍል ስለሚልኩ ነው እኩል የመሰለው፤ ያ ባይሆን ልጆቹ በጥቂቱ ይጎዳሉ አሉ። ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ አልሸሸውም። ግን ሁለቱም ወገኖች ልዩነቱ ትልቅ ነው አላሉም። «ትውልድ ገዳይ» ለሚለው የጸሐፊው ቃል የሚበቃ ነገር እዚያ ውስጥ የለም።

በጸሐፊው ቦታ ብሆን የምጠቅሰው የኬንያውን ጥናት ነበር። ኤስተር ዱፍሎ፣ ፓስካሊን ዱፓስና ማይክል ክሬመር በምዕራብ ኬንያ 121 ትምህርት ቤቶች ላይ ሠሩት። ለየትምህርት ቤቱ ተጨማሪ መምህር ተቀጥሮ 1ኛ ክፍል ለሁለት ተከፈለ። በግማሾቹ ትምህርት ቤቶች ልጆቹ የተመደቡት በዕጣ ነው። በቀሩት ደግሞ በችሎታቸው ተለይተው። ልጆቹ በችሎታ የተለዩባቸው ትምህርት ቤቶች የተሻለ ውጤት አመጡ፤ ደካማዎቹም ጭምር ተጠቀሙ። ይኸው አለመቀላቀል ይሻላል ማለት ነው? ቆይ። እዚያ የተለየው ደረጃ ነው። የትምህርት ዘመን አይደለም። ልጁ ያለበትን ደረጃ አግኝቶ ከዚያ ማስተማር ነው የሠራው። የሕንዱ ፕራታም የተባለ ድርጅትም በዚሁ ሐሳብ ከ3ኛ እስከ 5ኛ ያሉ ልጆችን፣ ክፍላቸው ምንም ይሁን ምን፣ በቀን ለተወሰነ ሰዓት በንባብ ደረጃቸው እየመደበ ያስተምራል። የ5ኛ ክፍል ልጅ ፊደል ካልለየ ፊደል ከሚለዩት ጋር ይቀመጣል። ይህ በክፍሎች መካከል ያለውን ግድግዳ ማፍረስ ካልሆነ ምንድነው?

«የቀረውን 27 ደቂቃስ?» ላሉት ጥያቄ ደግሞ ረጅሙን መልስ የሰጠችው ኮሎምቢያ ናት። በ1970ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ቪኪ ኮልበርትና ጓደኞቿ ኤስኩዌላ ኑዌቫ የተባለውን አሠራር በገጠር ትምህርት ቤቶች ጀመሩ። አንድ ወይም ሁለት መምህር ብቻ ያለባቸው ትምህርት ቤቶች ናቸው። ዋናው መሣሪያ ልጁ ራሱ እያነበበ የሚሠራበት መመሪያ መጽሐፍ ነው፦ ይህንን አንብብ፣ ከጓደኛህ ጋር ተወያይ፣ ቤት ሄደህ እናትህን ጠይቅ፣ መልሰህ ጻፍ፣ ለመምህርህ አሳይ። መምህሩ በየቡድኑ ይዞራል። የአካባቢው መምህራን በየጊዜው ተገናኝተው የገጠማቸውን ይመክራሉ። ልጅ ወደ ቀጣዩ የሚሄደው የያዘውን ሲጨርስ ነው። አገሩ የቡና አገር ነው፤ ለቀማ ሲደርስ ልጆች ይቀራሉ። ሲመለሱ ካቆሙበት ይቀጥላሉ እንጂ ዓመቱን አይደግሙም። እ.ኤ.አ. በ1997 በዩኔስኮ አስተባባሪነት የላቲን አሜሪካ አገሮች ሲነጻጸሩ፣ ከታላላቆቹ ከተሞች ውጭ ካለው የከተማ ትምህርት ቤት የገጠሩ የተሻለባት አገር ኮሎምቢያ ነበረች።

ጅማና ሲዳማ ውስጥ ቡና ለቀማ፣ ጎጃምና ወሎ ውስጥ የኅዳርና የታኅሣሥ አጨዳ ስንት ልጅ ከክፍል እንደሚያስቀር የሚያውቅ መምህር ይህንን ሲሰማ ምራቁን ይውጣል። እኛ ዘንድ በአጨዳ ጊዜ የቀረ ልጅ ሲመለስ መጽሐፉ ምዕራፍ ጥሎት ሄዷል። ለፍትሕ ያህል ግን ኮሎምቢያም ነገሩ ሁሉም ቦታ አልሰመረም። በብሔራዊ ደረጃ በፍጥነት ሲስፋፋ መመሪያው በወቅቱ ያልደረሳቸው፣ መምህራኑ ያልሠለጠኑባቸው ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ስሙ ብቻ ደርሷቸው እንደድሮው ቀጠሉ። እኛም ዘንድ ቢመጣ የምፈራው ይህንኑ ነው።

«የየኔታ ቤት ናፍቆት» የሚለውን ባጭሩ ልለፈው። አለንጋውን የሚናፍቅ የለም። ሳይገባ መሸምደዱንም። ግን ልጁ ከፊደል ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ወደ ወንጌል፣ ከዚያ ወደ ዳዊት የሚያልፈው የያዘውን ሲያውቅ ነበር፤ መስከረም ስለጠባ አይደለም። ቁርኣን ቤትም ሉሑ ታጥቦ አዲስ የሚጻፍለት የቀደመውን ሲይዝ ነው። ልጆችን በዕድሜ ከፍሎ ለየክፍሉ አንድ መምህር መመደብ በአንጻሩ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ በዚህ መልክ ተከፋፍሎ የተሠራው የቦስተኑ ኩዊንሲ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1840ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ነው። ከተማ፣ ብዙ ልጅ፣ ብዙ መምህር ባለበት የተወለደ አሠራር ነው። (በነገራችን ላይ፣ በዋሽንግተን ዙሪያ በየቤተ ክርስቲያኑ አማርኛ የሚያስተምሩ ወገኖቻችን የ6 ዓመቱንና የ12 ዓመቱን አንድ ላይ ከሀ ያስጀምራሉ። ናፍቆት ይዟቸው ሳይሆን ሁለቱም ሀን ስለማያውቁ ነው።)

መፍትሔ ብለው ያቀረቡት ላይ ግን በደንብ መነጋገር አለብን። «ሙሉ ትምህርት ቤት ተሠርቶ ለየክፍሉ መምህር ይቀጠር።» ማን ይጠላል? ግን አንድ ጎጥ እንውሰድ። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ለመማር የደረሱ 60 ልጆች አሉ እንበል። ለየክፍሉ 15 ልጅ ይደርሳል። አገሪቱ ለአንድ ክፍል የያዘችው ልክ 50 ተማሪ ነው። የትኛው የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው ለ60 ልጅ አራት መምህር የሚመድበው? ከተማው ውስጥ በአንድ ክፍል 80 ልጅ እያለ? ቢመድብም ፍትሕ አይሆንም። ስለዚህ «ለየክፍሉ መምህር» ሲባል በተግባር «ልጆቹ ወደ ዋናው ትምህርት ቤት ይሂዱ» ማለት ነው።

ዋናው ትምህርት ቤት የት ነው? ከሸለቆው ማዶ። ትምህርት የሚጀመረው መስከረም ላይ ነው፤ ወንዙ ገና ሙሉ ነው። የ7 ዓመት ልጅ ማን ብቻውን ይሰዳል? ወላጅ «እግሩ ይጥና» ይልና 9 ወይም 10 ዓመት እስኪሞላው ያቆየዋል። ሴት ከሆነች ደግሞ እግሯ ሲጠና ሌላ ፍርሃት ይመጣል። ከዚያ 10 ዓመት ሆኗት 1ኛ ክፍል ገብታ፣ 4ኛ ሳትደርስ የጋብቻ ወሬ ይጀመራል። ለእሷ የሚነጻጸሩት ድብልቅና ነጠላ ክፍል አይደሉም። ቅርብ ያለ ድብልቅ ክፍልና ጨርሶ አለመማር ናቸው።

ትንንሽ ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ ትልልቅ ላይ መሰብሰብን በሰፊው የሞከረችው ቻይና ናት። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የመንደር ትምህርት ቤቶችን እያጠፈች ወደ ከተማ አሰባሰበች። በአሥር ዓመት ውስጥ የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቿ ቁጥር በግማሽ ገደማ ወረደ። መንገድ አላት፤ አውቶቡስ አላት፤ ገንዘብ አላት። እንዲያም ሆኖ ልጆች ሩቅ መጓዝ ወይም ገና በልጅነታቸው አዳሪ ትምህርት ቤት መግባት ግድ ሆነባቸው። ወላጅ ተማረረ። በ2012 የአገሪቱ የመንግሥት ምክር ቤት (ካቢኔው) ትምህርት ቤቶችን እንዲያው መዝጋት ይቁም የሚል መመሪያ አወጣ። መንገድና አውቶቡስ ያላት አገር ከተመለሰችበት መንገድ እኛ በእግር ልንገባበት ነው?

አፋርና ሶማሌን ጸሐፊው አላነሷቸውም። እዚያ ትምህርት ቤቱ ቢሠራም ቤተሰቡ ከከብቱ ጋር ይንቀሳቀሳል። የመጀመሪያዎቹን አራት ክፍሎች ትምህርት በሦስት ዓመት የሚሰጡት የአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ጣቢያዎች የተፈጠሩት እንዲህ ላሉ አካባቢዎች ነው። በየጣቢያው ያለው አመቻች በጣት በሚቆጠሩ ልጆች ውስጥ ሁሉንም ደረጃ ያገኛል። ለእሱ «ለየክፍሉ መምህር» ቢሉት ይስቃል።

የመጨረሻው ስጋታቸው፣ ሰበብ ይሆናል የሚለው፣ የእኔም ስጋት ነው። በጀት ሲያጥር «ይኸው አንድ መምህር ሦስት ክፍል ማስተማር ይችላል ተብሏል» የሚል ኃላፊ አይጠፋም። ግን ሰበቡ እስኪሰጠው የጠበቀ ማን አለ? ድብልቅ ክፍል ዛሬም አለ። ነገ ጠዋት አንዱ መምህር ሲታመም፣ ሌላው ወደ ወረዳ ሲዛወር፣ ሁለት ክፍል ይገጠማል። ስም ስለሌለው ብቻ የተማሪ ገደብ የለውም፣ አበል የለውም፣ መጽሐፍ የለውም። ይቅር ብለን ብንጮህ የሚቀረው ስሙ ነው፤ ልጆቹ እዚያው ናቸው።

እኔ የምጠይቀው ይህንን ነው። በሪፖርት ቅጹ ላይ ድብልቅ ክፍል ራሱን የቻለ መስመር ይሰጠው። የልጆቹ ቁጥር ከ30 አይለፍ። ሦስት ክፍል የያዘ መምህር ለክፍለ ጊዜው አንድ የጋራ ዕቅድ ይበቃዋል ተብሎ ይጻፍለት፤ ሱፐርቫይዘሩም በዚያ ይመዝነው። በረሃ ላይ ለሚሠራ አበል እንደሚታሰብ ለዚህም ይታሰብ። የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ዕጩ መምህራንን ለተግባር ልምምድ የከተማ ትምህርት ቤት ብቻ አይላኩ፤ የሚመደቡበትን ዓይነት ክፍል አስቀድመው ይዩት። ልጅ ብቻውን እያነበበ የሚሠራበት መልመጃ ደግሞ ቢያንስ ለአማርኛና ለሒሳብ ይዘጋጅ። አሁን ያለው የተማሪ መጽሐፍ መምህር ካላብራራው የማይከፈት ነው።

ጸሐፊው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ይህንን ዝርዝር ቢያጠብቁት፣ 30 ያልኩትንም ወደ 25 ቢያወርዱት፣ አልከራከራቸውም።